ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሁለት ጊዜ ደህና

ግድግዳው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጉሮሮ የለውም፤ ግን ሳያሳውቁ ሰው ቤት ድምፅ ማሰማት ነውር እንደሆነ ተምሯል። ቀጥሎ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ እንዴት አደሩ?» ይላል።

ሃምሳ አለቃ ያብስራ መኩሪያ በዚያ ሰዓት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አፋቸውን ከፍተው እየተነፈሱ ናቸው። አፍንጫቸው ከተዘጋ ሰዓታት አልፈዋል። ግንባራቸው ውስጥ፣ ከሁለቱ ቅንድቦች ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንድ ሰው የብረት አልጋ ይጎትታል። ቀኝ ጉንጫቸው ሥር ደግሞ የጥርስ ሕመም አለ፤ ጥርሱ ከተነቀለ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። «አንተስ እንዴት አደርክ?»

«ደህና አድሬያለሁ።»

«ተመስገን።»

ከዚያ ያነጥሳሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤልዳና ከኩሽና «ይማርህ» ይላሉ። ግድግዳውም «ይማርዎ» ይላል። ሃምሳ አለቃ ለሁለቱም በአንድ ትንፋሽ «ያኑራችሁ» ብለው ይመልሱና እንደገና ያነጥሳሉ። እንደገና ይማርህ፣ እንደገና ይማርዎ። ይህ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ይቀጥልና ቁርስ ይቀርባል።

አዳማ፣ የዘማቾች መንደር፣ ሕንጻ አራት፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ጠዋት የሚባለው ነገር ይኸው ነበር። ሃምሳ አለቃ ያብስራ ስማቸው እንደሚያሳብቅባቸው የድሮ ሰው ናቸው። ያብስራ፣ ኪሩቤል፣ ኤልዳና የሚባል ሰው ዛሬ በሙሉ ጡረታ ወጥቷል፤ ምድር ላይ ኳስ የሚራገጡት የመንደሩ ሕፃናት ተሰማ፣ ዘነበወርቅና ሸዋዬ ይባላሉ።

ደብዳቤው የመጣው በየካቲት ወር፣ 2098 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ዕለት ነው። ያነበበላቸው ግድግዳው ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲያነብ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«ለሃምሳ አለቃ ያብስራ መኩሪያ። ጉዳዩ፦ የጉዳት መጠን እርማትን ይመለከታል። በ2064 ዓ.ም. በተካሄደው የአንበጣ ዘመቻ ደርሶብኛል ላሉት ሥር የሰደደ የሳይነስ ሕመም ከዚህ ቀደም ሠላሳ በመቶ ተገምቶልዎ እንደነበር ይታወሳል። ማእከላችን ባደረገው ማጣራት፣ ባለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ስለ ጤንነትዎ ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አምስት ጊዜ ተጠይቀው ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሁለት ጊዜ ደህና መሆንዎን በራስዎ አንደበት አረጋግጠዋል። በቀሩት ሠላሳ ሦስት ቀናት ‹ተመስገን ነው› ብቻ ያሉ ሲሆን፣ ይህም ከደህና በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለሆነም የጉዳት መጠንዎ ወደ ዜሮ በመቶ የተስተካከለ መሆኑን እየገለጽን፣ በሠላሳ ቀናት ውስጥ ወደ ሁለተኛ ፎቅ እንዲዛወሩ እናሳስባለን። ከሰላምታ ጋር።»

ሃምሳ አለቃ በጥሞና ሰሙ። ሲያበቃ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አደከምንህ» አሉት።

በዘማቾች መንደር ሰው የሚኖርበት ፎቅ የሚወሰነው በጉዳቱ ነው። የአዳማ ነፋስ አቧራውን እስከ ስድስተኛ ፎቅ ያለ ችግር ያደርሰዋል፤ ከዚያ በላይ ይደክመዋል። ከስምንተኛ ፎቅ ጀምሮ አየሩ በማጣሪያ ያልፋል፤ እዚያ የሚኖሩት ሠላሳ በመቶና ከዚያ በላይ የተጎዱ ናቸው። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጤነኞች ናቸው፤ እዚያ እስኪከርሙ ድረስ። ሃምሳ አለቃ ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ምድር ላይ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጠው፣ በአራተኛው ቀን ዓይናቸው አብጦ ሆስፒታል ገብተው፣ አሥራ ሰባት ቀን ተኝተዋል። ሐኪሙ ሲወጡ ለወይዘሮ ኤልዳና ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ዓይን የሚሄደው አንዴ ከሆነ ዕድለኛ ናቸው። ሁለተኛ አቧራ ላይ እንዳያድሩ» ብሏቸዋል። ለሃምሳ አለቃም ነግሯቸው ነበር። እንዴት ነዎት ብሎ ስለ ጀመረ ግን ደህና ነኝ ብለው ወሬውን ወደ ሐኪሙ ቤተሰብ አዞሩት።

ደብዳቤው በመጣ ማግሥት ሊፍት ውስጥ አሥር አለቃ ኪሩቤልን አገኟቸው። አሥር አለቃ ኪሩቤል የዘመቻ ጓደኛቸው ናቸው፤ አሥራ አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ፤ ስልሳ በመቶ ተጎድተዋል። በዘመቻው የምግብ ቤት ኃላፊ ስለነበሩ የአንበጣውን መድኃኒት ያዩት ጆንያው እንደታሰረ ነው። ሆኖም ግድግዳቸው ጠዋት እንዴት አደሩ ሲላቸው፣ «ምን ማደር አለ፣ አለቀልኝ እኮ» ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ሳያማርሩ ያለፈ አንድ ጠዋት የለም። አፍንጫቸው ግን የታወቀ ነው። ከአሥራ አራተኛ ፎቅ ሆነው ዘጠነኛ ፎቅ ወጡ ላይ ኮረሪማ እንደጎደለ ይናገራሉ።

«እኔ ነግሬህ ነበር» አሉ አሥር አለቃ።

«ምን ብለህ?»

«የጠየቀህን ንገረው ብዬ።»

«በጠዋት? ደህንነቴን ለጠየቀኝ?»

«ግድግዳ ነው እኮ፣ ያብስራ።»

«ቢሆንስ። ጠይቆኛል አይደል?»

አሥር አለቃ ኪሩቤል አየሩን ሳብ አደረጉ። «ኤልዳና ዛሬ ሽሮ ነው የሠራችው። ነጭ ሽንኩርቱን አብዝታዋለች። ንገራት።»

ሃምሳ አለቃ ያልሰሙ መስለው የፎቁን ቁጥር ማየት ጀመሩ።

የጉዳት ምዘና ማእከሉ በር ላይ ጃንጥላ ተክላ የምትቀመጥ አንዲት ማመልከቻ ጸሐፊ አለች። ሲፈን ትባላለች። ማመልከቻ የሚጽፍ ነገር በየሰዉ ኪስ ውስጥ አለ፤ ከቃል ቀድሞ ሐሳብ የሚያረቅም አለ ይባላል። ሰዉ ግን ጃንጥላ ሥር ካልተጻፈ ማመልከቻ ገባ አይለውም። ሲፈን አርባ ዓመት ገደማ ናት፤ ሕግ ተምራለች፤ በእስክሪብቶ ትጽፋለች፤ ስትስቅ አፏን በመዝገብ ትሸፍናለች።

ሃምሳ አለቃና ባለቤታቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«እስኪ ከመጀመሪያው አባባ» አለች ሲፈን። «እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»

ሲፈን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሦስት።»

«አንቺም ትመዘግቢያለሽ እንዴ ልጄ?»

«እኔ አልመዘግብም። እዚህ ግቢ ውስጥ የማይመዘግብ እኔና ጃንጥላዬ ብቻ ነን። በሩ ይመዘግባል፤ አጥሩም ይመዘግባል። አንድም ቀን አሞኛል ብለውት አያውቁም?»

ሃምሳ አለቃ አሰቡ። «አንድ ጊዜ ትንሽ ከበድ ብሎኛል ልለው ነበር። እሱ ግን ድምፁ ራሱ ጥሩ አልነበረም።»

«ድምፁ?»

«ጎርነን ብሎ ነበር። ተውኩት።»

ወይዘሮ ኤልዳና ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ የሱ አፍ ሌላ አልተማረም። ታይፎይድ ይዞት ትኩሳቱ አርባ ገብቶ ሐኪሙን ልጆች እንዴት ናቸው እያለ ይጠይቀው ነበር።»

«እሺ፣ እንለማመድ» አለች ሲፈን። «ይግባኝ አስገባለሁ፤ እስኪሰማ አሥራ ሁለት ቀን አለን። በነዚህ ቀናት እውነቱን ከነገሩት ቢያንስ የምናሳየው ነገር ይኖረናል። እኔ ግድግዳው ነኝ። ሃምሳ አለቃ፣ እንዴት አደሩ?»

«ደህና…»

«አባባ።»

«ደህና አይደለሁም ልል ነበር፤ አቋረጥሽኝ።»

በመጀመሪያው ጠዋት ሃምሳ አለቃ ከአልጋቸው ተነሥተው ቆሙ፤ እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጠው የሚሉት አልመሰላቸውም። ግድግዳው ጉሮሮውን ጠረገ፤ እንዴት አደሩ አለ። «ደህና አይደለሁም፣ ተመስገን» አሉ። ማእከሉ «ደህና፣ ከመጠነኛ ማቅማማት ጋር» ብሎ መዘገበ።

በሁለተኛው ጠዋት ተሳካላቸው። ወይዘሮ ኤልዳና በሩ ላይ ቆመው በዓይናቸው እየገፏቸው፣ «ደህና አይደለሁም። ግንባሬን ያመኛል፤ አፍንጫዬ ተዘግቷል» አሉ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ግዳጅ እንደሚያስረዳ ወታደር።

ግድግዳው፣ «በጣም አዝናለሁ፣ ሃምሳ አለቃ» አለ። «ከመቼ ጀምሮ ነው? ምን ላድርግልዎ?»

ድምፁ በእውነት ያዘነ ይመስል ነበር። ሃምሳ አለቃ ፊታቸው ጠቆረ። ጠዋት በባዶ ሆዱ ሰው ያስደነገጡ መሰላቸው። «ኧረ ምንም፣ ምንም» አሉ። «ቀልዴን ነው። አንተስ እንዴት አደርክ?»

ማእከሉ «ደህና፤ ተጫዋች» ብሎ መዘገበ።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ኤልዳና ራሳቸው ተውት አሏቸው። በጠዋት አሞኛል እያሉ ማሟረት ቤት አያቀናም ብለው፣ በረንዳ ላይ ካለው ዳማከሴ ቅጠል ቆርጠው እንደ ወትሮው ግንባራቸውን አሹላቸው። ከዚያ አንድ ካርቶን አውጥተው ብርጭቆ በጋዜጣ መጠቅለል ጀመሩ። ካርቶኑ ላይ «ሁለተኛ» ብለው ጻፉበት። ሃምሳ አለቃ ጽሑፉን አዩት። ካርቶኑን ገለበጡት።

ሲፈን ሌላ መንገድ ያዘች። የአሥራ ዘጠኙን ዓመት የጠዋት ድምፅ ግልባጭ ከማእከሉ ጠየቀች፤ ሕግ ስለሆነ በአራት ቀን ሰጧት። ጃንጥላው ሥር ሦስቱም ተጠጋግተው አዳመጡ። ከየዓመቱ እያነሣች ታሰማቸዋለች፤ ጥቅምት፣ ሰኔ፣ ጳጉሜን። ማእከሉ ድምፅ ሲያስቀምጥ ንግግር ያልሆነውን ሁሉ ስለሚያጸዳ፣ ጠዋቶቹ እንደ ታጠበ ሰሃን ንጹሕ ነበሩ። ሳል የለም። የወንበር ድምፅ የለም። የድስት ክዳን የለም።

«እንዴት አደሩ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ከዚያ ጸጥታ።

«ይማርህ።»

«ይማርዎ።»

«ያኑራችሁ።»

ጸጥታ።

«ይማርህ።»

«ይማርዎ።»

ሲፈን አቆመችው። ወደ ኋላ መልሳ እንደገና አሰማችው። ከዚያ መዝገቡን አንሥታ አፏን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ምን ያስቅሻል?» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና።

«ይማርህ የሚሉት እርስዎ ነዎት። ይማርዎ የሚለው ማነው?»

«ግድግዳው ነዋ።»

«ለማን?»

«ለሱ ነዋ፣ ሲያነጥስ።»

«ማስነጠሱ የት አለ?»

ባልና ሚስት የድምፅ ማጫወቻውን ተመለከቱ፣ ውስጡ የጠፋ ዕቃ እንዳለ ሁሉ።

«አባባ ደግሞ ያኑራችሁ ይላሉ» አለች ሲፈን፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ለግድግዳ።»

«ይማርህ ላለ ያኑርህ ይባላል» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ ትንሽ ቅር ብሏቸው። «ግድግዳ ነው ብዬ ዝም ልለው?»

«እንዳይሉት። በፍጹም እንዳይሉት።» መጻፍ ጀመረች። «የእማማ አይቆጠርም። የቤተሰብ ምስክርነት ነው፤ ባለጥቅም ይባላሉ።»

«የኔ ይማርህ አይቆጠርም?» ወይዘሮ ኤልዳና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ እጄን ከሊጥ እያወጣሁ ስለው? ምን ጥቅም አገኘሁበት?»

«እማማ፣ እኔ እቆጥርልዎታለሁ። እነሱ ናቸው የማይቆጥሩት።»

ይግባኙ በሚሰማበት ጠዋት አሥር አለቃ ኪሩቤል ሕንጻው በር ላይ ጠበቋቸው። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር በሃምሳ አለቃ እጅ ላይ አስቀመጡ።

«ምንድን ነው?»

«ሚጥሚጣ። ጥያቄ ሲጀመር መሐረብ እንደምታወጣ ሆነህ ሳብ አድርጋት። ችሎቱን በማስነጠስ ታናጋዋለህ።»

«ኪሩቤል፣ እኔ እኮ በእውነት ነው የማነጥሰው።»

«ታዲያ ምን ትጎዳሃለች? ለእውነቱ ማጣፈጫ ናት።»

መመለስ ነውር ስለሆነ ሃምሳ አለቃ ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱት።

የማእከሉ ችሎት አየሩ የተጣራ ነው። ለዳኝነት የተመረጠ፣ ሽታም አቧራም የሌለው አየር። ሃምሳ አለቃ ገብተው በተቀመጡ በአምስተኛው ደቂቃ አፍንጫቸው ተከፈተ። በቀኝም በግራም። የብረት አልጋውን የሚጎትተው ሰውዬ ቆመ። ከሠላሳ አራት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ተንፍሰው አያውቁም።

«ኤልዳና» አሉ ቀስ ብለው። «ተከፈተ።»

«ዛሬ?» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና።

«ዛሬ።»

ወይዘሮ ኤልዳና ወደ ባላቸው ኪስ በዓይናቸው ጠቆሙ። «በል አውጣው።» ሃምሳ አለቃ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ወረቀቱን ጨበጡ። ባዶ እጃቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

የችሎቱ ሰብሳቢ ወይዘሮ ብሌን ይባላሉ። ሕጉ ቢያንስ አንድ ሰው ይገኝ ስለሚል የተገኙ ሰው ናቸው፤ ከፊታቸው የሚፈረም ክምር ነበር። ክርክሩን የሚመራው የማእከሉ መሣሪያ፣ መዛኙ ነው። መዛኙ ሲናገር ሃምሳ አለቃ ፊታቸው በራ፤ ድምፁ የቤታቸው ግድግዳ ድምፅ ነው።

«ይሄማ የኛው ነው» አሉ ለሲፈን።

«የሁሉም ነው አባባ። እባክዎ፣ እንዳልኩዎት። እንዴት ነዎት ሲል ዝም።»

«ሃምሳ አለቃ ያብስራ መኩሪያ» አለ መዛኙ። «እንዴት ነዎት?»

ሲፈን በተስማሙት መሠረት እግራቸውን ረገጠች።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እግሬን ልቀቂኝ ልጄ።»

«ተመዝግቧል» አለ መዛኙ።

አዳራሹ ውስጥ ተራቸውን የሚጠብቁ ዘማቾች ሳቅ አሉ። ሲፈን ተነሣች።

«አንድ ጠዋት እንድታነብልኝ እፈልጋለሁ» አለችው። «ጥቅምት ዘጠኝ ቀን 2087፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት። ያንተን ቃል ብቻ።»

መዛኙ አነበበ። «እንዴት አደሩ። ደህና አድሬያለሁ። ይማርዎ። ይማርዎ። ይማርዎ። ይማርዎ። ይማርዎ። ይማርዎ። ይማርዎ።»

«ሰባት። ለማን ነው ያልከው?»

«ለሃምሳ አለቃ ያብስራ።»

«ምን ሆነው?»

«በመዝገቡ ላይ ከቃሉ በፊት ምንም ድምፅ የለም።»

«ምንም ሳይሆኑ ነው ሰባት ጊዜ ይማርዎ የምትላቸው?»

ዘማቾቹ እንደገና ሳቁ። ወይዘሮ ብሌን ብዕራቸውን አቆሙ፤ ቀና አላሉም።

«በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለሳቸው ስንት ጊዜ ይማርዎ ብለሃል?»

«አርባ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰባት ጊዜ» አለ መዛኙ። «ነገር ግን ይማርዎ የጨዋነት ቃል ነው። ስለ ጤና የሚያስረዳው ነገር የለም። እንደ ማስረጃ ሊያዝ አይችልም።»

ሲፈን ይህን ስትጠብቅ ሰንብታለች። አልቸኮለችም።

«ደህና ነኝስ?»

ሲፈን መዝገቧን ዘረጋች።

«አንተ ይማርዎ ስትል ጨዋነት ነው። እሳቸው ደህና ነኝ ሲሉ ማስረጃ ነው። እንዴት ነው የተለየው? ጨዋነት የሚያስረዳ ከሆነ አርባ አንድ ሺህ ጊዜ ማስነጠሳቸውን አንተው መስክረሃል። የማያስረዳ ከሆነ ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሁለቱን ደህና ከመዝገብ አውጣ። አንዱን ምረጥ። የትኛውም ይሁን፣ እኛ አሥራ አንደኛ ፎቅ ነን።»

መዛኙ አራት ሰኮንድ ዝም አለ። በማእከሉ ታሪክ ይህን ያህል ዝም ብሎ አያውቅም። ወይዘሮ ብሌን መነጽራቸውን አወለቁና ከክምሩ በላይ ሃምሳ አለቃን አዩአቸው፤ ሰው መኖሩን ገና አሁን የተረዱ ይመስሉ ነበር።

«ሃምሳ አለቃ» አሉ። «መዝገቡን እንተወው። እኔ ነኝ የምጠይቅዎ። እንዴት ነዎት?»

ሃምሳ አለቃ ተነሡ። ሲፈን እግራቸውን ልትረግጥ ሄዳ ተወችው።

«ገዋኔ ነበርን» አሉ። «ዱቄቱን በአካፋ ነበር የምንበትነው። አፍንጫችሁን በእርጥብ ፎጣ እሰሩ ተባልን፤ ውሃው ግን ለመጠጥም አልበቃን። ጭምብሉ አልመጣም አልልም፤ መጥቷል። ለማጠቃለያው ሰልፍ ደረሰ፣ አድርገነው ተሰለፍን፣ ያምር ነበር።»

«ዱቄቱ ምን ይሸት ነበር?»

«እሱን እንኳ ልነግርዎት እችላለሁ፤ ሌላ ነገር ስላልመጣበት አልጠፋብኝም። የመጨረሻ ያሸተትኩት እሱን ነው።» ትንሽ አሰቡ። «የልጄ ልጅ የተወለደች ጊዜ አስታቀፉኝ። ሰዉ ሁሉ አንገቷ ሥር ገብቶ ያሸታል፤ ወይ የሕፃን ጠረን ይላል። እኔም አሸተትኩ። ወይ ጠረን አልኩ። ሰው አስታቅፎኝ ሌላ ምን ልበል?»

ወይዘሮ ኤልዳና ወደ ባላቸው ዞሩ። ይህንን ሰምተውት አያውቁም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ወጡ እንዴት ነው ሲሏቸው ሽታው ራሱ ያጠግባል ይሏቸው ነበር።

«ግን ደህና ነኝ» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ እንዳይከፋባቸው። ተቀመጡ።

መዛኙ «ልመዝግበው?» ብሎ ጠየቀ።

«ተወው» አሉ ወይዘሮ ብሌን።

ውሳኔው ከሰዓት በኋላ ወጣ። ሁለት አንቀጽ ነው። በመጀመሪያው፣ የጨዋነት ቃል በማንኛውም ወገን ቢነገር ማስረጃ ስላልሆነ የሃምሳ አለቃ ያብስራ መኩሪያ ሠላሳ በመቶ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ቅሬታም እንደዚሁ ከልማድ የሚነገር ሊሆን ስለሚችል በቅሬታ ብቻ የተገመቱ ሁሉ በአካል እንዲመረመሩ ታዘዘ። አሥር አለቃ ኪሩቤል መጥሪያው በደረሳቸው ዕለት ሊፍት ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር።

«ያብስራ፣ አሁንስ በእውነት አሞኛል» አሉ።

«አይዞህ» አሉ ሃምሳ አለቃ። ሚጥሚጣውን ከኪሳቸው አውጥተው መለሱላቸው። «አልነካሁትም። ምናልባት ላንተ ያስፈልግህ ይሆናል።»

ሁለተኛው አንቀጽ አጭር ነው። ወደፊት መሰል ክርክር እንዳይነሣ፣ የማእከሉ መሣሪያዎች ባለመብት ሲያነጥስ ማንኛውንም ቃል ከመናገር እንዲቆጠቡ ይላል። ሲፈን ይህንን ስታነብላቸው አልሳቀችም። ሃምሳ አለቃ ቤት ገብተው «ሁለተኛ» የተባለውን ካርቶን ፈቱና ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ወደ መደርደሪያው መለሱ።

በማግሥቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ግድግዳው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሃምሳ አለቃ፣ እንዴት አደሩ?»

አፍንጫቸው ተዘግቷል። ሰውዬው የብረት አልጋውን መጎተት ጀምሯል።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንዴት አደርክ?»

«ደህና አድሬያለሁ።»

«ተመስገን።»

ከዚያ አነጠሱ።

«ይማርህ» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና ከኩሽና።

ግድግዳው ዝም አለ። ሃምሳ አለቃ መሐረባቸውን እንደያዙ ጠበቁት። ጉሮሮውን የሚጠርግ መሰላቸው፤ አልጠረገም። ጥቂት ተመለከቱት፣ ልጅ ፊት እንደ ተገሠጸ ትልቅ ሰው እንዳያፍር ብለው ዓይናቸውን መለሱ።

«ያኑራችሁ» አሉ።

«ማንን ነው ያኑራችሁ የምትለው?» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። «እኔ ብቻ ነኝ እኮ ያልኩህ።»

«ከልክለውት ነው እንጂ» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ «በሆዱ ብሎታል።»